የሒሳብ ጥናትና የወጣቶች አካል ብቃት፦ ትምህርት በቤት በሆነበት ወቅት

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤተሰቦቻቸው ተመልሰው ነበር። ከተመለሱት መካከል የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቱን በወጉ ሳይጨርስ ያቋረጠው የሒሳብ ተማሪ ይገኝበት ነበር። ዕድሜው 18 ወይም 19 ነበር። ሊሚትን፣ ዴሪቬቲቭንና ሲሪስን የመሳሰሉ ምዕራፎች ያለ መምህር፣ በደብተሩና በስልኩ ብቻ እየተረዳ ይገፋ ነበር። በዚያው ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የ14 ወይም የ15 ዓመት ታናሽ እኅት ወይም ወንድም ይኖር ነበር፤ አያትም ይኖሩ ይሆናል። እነዚህ ወጣቶች ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ከበሽታው ለመጠበቅ ሲሉ ቤት መቀመጣቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቤት መቀመጥ ማለት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ማለት አይደለም።

በመደበኛው ጊዜ ተማሪው ሳያስበው ብዙ ይራመድ ነበር። ከመኝታ ክፍል ወደ መማሪያ ክፍል፣ ከዚያ ወደ መመገቢያ አዳራሽ፣ ማታም ወደ ቤተ መጻሕፍት መመላለስ በሰፋፊዎቹ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ አጭር መንገድ አይደለም። ይህ ጉዞ ስፖርት ተብሎ ስላልተቆጠረ ሲቋረጥም ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ወቅት ግን ከአልጋ እስከ ጠረጴዛ ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ብቻ ሆኖ ነበር። በተለይ አስቸጋሪ የሒሳብ ጥያቄ የያዘ ተማሪ ከሌሎች ይልቅ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። «ይህችን ብቻ ልጨርስ» ሲል ሦስትና አራት ሰዓት ያልፋል።

ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የሚያስከትለው ጉዳት በመጀመሪያ የሚታየው በአንገትና በወገብ ሕመም ነው። ከዚያ ባሻገር በእግር ሥሮች ውስጥ የደም ዝውውር ይዘገያል፤ ጡንቻዎችም ከደም ውስጥ የሚወስዱት ስኳር ይቀንሳል፤ እንቅልፍም ይረበሻል። ልማዱ ለዓመታት ከቀጠለ ለደም ግፊት፣ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። እነዚህ ሕመሞች ደግሞ ኮቪድ-19 የያዘውን ሰው ለጽኑ ሕመም ከሚዳርጉት መካከል መሆናቸው ይታወቃል። ስለዚህ ተማሪው በየ30 ወይም በየ45 ደቂቃው ከመቀመጫው ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመከራል። ጥያቄው ቢያልቅም ባያልቅም መነሣት ያስፈልጋል፤ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው አይነሣምና።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ላሉ ልጆችና ወጣቶች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴን ይመክራል። ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩት የ18 ዓመቱ ተማሪና የ15 ዓመቷ እኅቱ የሚያስፈልጋቸው መጠን አንድ አይደለም፤ የእርሷ ከእርሱ ይበልጣል። መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ፣ ነገር ግን መነጋገር የማይከለክል ነው፤ ለምሳሌ ፈጣን እርምጃ። ጠንካራ የሚባለው ደግሞ ከጥቂት ቃላት በላይ በአንድ ትንፋሽ ለመናገር የሚያስቸግር ሩጫን ወይም ገመድ ዝላይን የመሰለ ነው። 60 ደቂቃው በአንድ ጊዜ መጠናቀቅ የለበትም፤ በቀኑ ውስጥ ተከፋፍሎ ሊደርስ ይችላል።

ለዚህ የሚያስፈልግ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። በግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል፣ «ሰኞ ማክሰኞ» መጫወት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ፑሽ አፕ መሥራት ለሁሉም ቅርብ ናቸው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደረጃውን ሊወጣና ሊወርድ ይችላል፤ መደገፊያውን ብረት የነካ እጅ ግን ፊትን ከመንካቱ በፊት ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በውሃና በሳሙና መታጠብ አለበት። የቤት ሥራም እንቅስቃሴ ነው። በጀሪካን ውሃ መቅዳት፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ግቢ መጥረግ፣ እንጨት መፍለጥ ጡንቻንም ልብንም ያሠራሉ። በዚህ ረገድ በብዙ ቤቶች የሚታየው አከፋፈል የተዛባ ነው። ወንዱ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲያጠና፣ ሴቷ ተማሪ የቤቱን ሥራ ስትሠራ ውላ ደብተሯን የምትከፍተው ከመሸ በኋላ ነው። ሥራውን ለሁለት ቢካፈሉ እርሱ የጎደለውን እንቅስቃሴ፣ እርሷም የጎደላትን የጥናት ሰዓት ታገኛለች። ወላጆች ይህን ማስተካከል ይጠበቅባቸዋል።

አንዳንድ ተማሪ ከጥያቄው መነሣቱን ጊዜ እንደማባከን ይቆጥረዋል። የሒሳብ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። የአየርላንዱ ሊቅ ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን ለዓመታት ሲፈልገው የነበረውን የኳተርኒየን ቀመር ያገኘው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1843 ከባለቤቱ ጋር በደብሊን ሮያል ካናል ዳር በእግሩ ሲጓዝ ሳለ ነበር፤ እንዳይረሳውም በአንድ ድልድይ ድንጋይ ላይ ጫረው። መልሱን የሰጠው እርምጃው ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ከእርምጃው በፊት የዓመታት ድካም ነበር። ሆኖም ብዙ ያሰበ አእምሮ ከወረቀቱ ለጥቂት ጊዜ ሲለይ፣ የተጣበቀበትን መንገድ ትቶ ሌላ መፈለግ ይቀልለዋል። የሚጠቅመው አካሄድ ጥያቄውን በቅድሚያ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ በብርቱ መሞከር፣ የት ላይ እንደቆመ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከዚያ ተነሥቶ መራመድ ነው። ሲመለስም ያልገባው ቢኖር ለጓደኛው ደውሎ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሊያነብለት ይችላል። በዚያ ወቅት በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ማጥናት የማይመከር በመሆኑ ስልክ የጥናት ቡድንን ይተካ ነበር፤ ለሌላ ሰው በድምፅ ብቻ ማስረዳትም ነገሩ ራሱን ተናጋሪውን ምን ያህል እንደገባው ይፈትናል።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1665 ካምብሪጅ በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጋ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ ዛሬ ተማሪዎች ካልኩለስ የሚሉትን ትምህርት መሠረት መጣሉ በዚያ ሰሞን ደጋግሞ ይነገር ነበር። ታሪኩ እውነት ነው። ነገር ግን ወላጆች ለልጆቻቸው መውቀሻ ባያደርጉት መልካም ነው፤ በቤት ውስጥ ጭንቀት፣ የኢንተርኔት እጥረትና የኑሮ ችግር ባለበት ጊዜ ትምህርቱን ሳይረሳ መቆየት የቻለ ተማሪ በቂ ሠርቷል።

በማባዛትና በመደመር የሚያድግ

ወጣቶች በስልክ ከሚለዋወጧቸው ነገሮች አንዱ የአካል ብቃት ውድድር ነው። ከእነዚህ መካከል «ዛሬ 1 ፑሽ አፕ፣ ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ 4» እያሉ በየቀኑ እጥፍ የማድረግ ውርርድ አደገኛ ነው። የሒሳብ ተማሪ ይህን ሲሰማ እርሳሱን ቢያነሣ ይበቃዋል። በ10ኛው ቀን የሚፈለገው 512 ነው፤ በ11ኛው ቀን 1024። ሰውነት በዚህ መንገድ አያድግም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ጥንካሬ በአብዛኛው ነርቮች ጡንቻን ማዘዝ በመልመዳቸው የሚገኝ እንጂ ጡንቻው በመግዘፉ አይደለም፤ ጅማቶች ደግሞ ከጡንቻም ዘግይተው ይጠነክራሉ። ያለ ልምድ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ የሠራ ወጣት የጡንቻ ሕዋሳቱ ሊፈራርሱ፣ ከእነርሱ የወጣው ንጥረ ነገርም በደም በኩል ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻው ከተለመደው ሕመም በላይ ካበጠና ከደከመ፣ ሽንቱም እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ይህ «ነገ ይሻለኛል» የሚባልበት ምልክት አይደለም።

ለሰውነት የሚስማማው በመደመር የሚያድገው ነው። ከ5 ፑሽ አፕ የጀመረና በየ2 ቀኑ 1 የሚጨምር ሰው በ31ኛው ቀን 20 ላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ለውርርድ አያጓጓም፤ ነገር ግን ይደረስበታል። ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ያህል፣ በመካከሉ ዕረፍት እየተሰጠ ቢሠራ በቂ ነው። ፑሽ አፕ የልጆችን ቁመት ያስቀራል የሚባለው አስተያየት መሠረት የለውም። ይሁን እንጂ አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ ያለ ወጣቶች ከአቅም በላይ የሆነ ክብደት ያለ አሠልጣኝ ማንሣት የለባቸውም፤ በሲሚንቶ የተሞላ ቆርቆሮ ለታዳጊ ልጅ ተገቢ መሣሪያ አይደለም። ጡንቻ ያወፍራሉ እየተባሉ የሚሸጡ ዱቄቶችም አያስፈልጓቸውም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ለዚህ ይበቃሉ። ጾም የሚጾሙ ወጣቶች ጠንካራውን እንቅስቃሴ ወደ መፈሰኪያው ሰዓት ቢያቀርቡትና ከዚያ በኋላ በቂ ውሃ ቢጠጡ ይሻላል።

በማባዛት የሚያድገው በሽታው ነው። ተማሪው በደብተሩ ላይ ጂኦሜትሪክ ሲሪስ ብሎ የሚሠራው ጥያቄ ከዚህ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። አንድ የታመመ ሰው ለ2 ሰዎች ቢያስተላልፍ፣ እነርሱም እያንዳንዳቸው ለሁለት ቢያስተላልፉ፣ በ10ኛው ዙር ብቻ የሚያዙት 1024 ናቸው፤ ከመጀመሪያው ሰው ጀምሮ ሁሉም ሲደመሩ 2047 ይሆናሉ። አንዱ ዙር በአማካይ 5 ቀን ገደማ ይፈጃል ቢባል ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። ጥንቃቄ በማይደረግበት ሁኔታ አንድ ሰው የሚያስተላልፍላቸው ሰዎች ቁጥር ከ2 እስከ 3 እንደሚደርስ በወረርሽኙ መጀመሪያ ተገምቷል።

አሁን ቁጥሩ ከ1 በታች ይውረድ። አንድ ሰው በአማካይ የሚያስተላልፈው ለ0.5 ሰው ቢሆን ድምሩ 1 + 0.5 + 0.25 እያለ ይቀጥላል፤ ዙሩ የቱንም ያህል ቢበዛ ከ2 አያልፍም። ተማሪው ድምሩን የሚያገኝበትን ቀመር ያውቀዋል፤ 1 ለ(1 ሲቀነስ ማባዣው) ይካፈላል። ማባዣው 0.9 ሲሆን ከአንድ ሰው የሚነሣው ሰንሰለት በአማካይ 10 ሰዎችን ይይዛል። 0.8 ሲሆን 5 ሰዎችን ብቻ። ከ0.9 ወደ 0.8 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ የሚያዙትን ሰዎች ግን በግማሽ ይቀንሳል። በተቃራኒው ጥቂት መዘናጋት ማባዣውን ወደ 0.99 ቢያደርሰው ድምሩ 100 ነው። ጭምብል ማድረግ፣ የሁለት አዋቂ እርምጃ ርቀት መጠበቅና እጅ መታጠብ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን በሽታውን ላያስቆሙ ይችላሉ፤ ማባዣውን ግን ይቀንሳሉ። በእውነተኛው ሕይወት ሁሉም ታማሚ እኩል አያስተላልፍም፤ አንዱ ለማንም ሳያስተላልፍ ሲድን ሌላው በአንድ ግብዣ ለብዙዎች ያደርሳል። ስለዚህ ስሌቱ ለአንድ ሰው ትንቢት ሊሆን አይችልም። ከ1 በላይና ከ1 በታች ባለው መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ግን ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ስሌት የሰፈር ኳስ ጨዋታን ይመለከታል። ኳስ ለወጣት መልካም እንቅስቃሴ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ተጫዋቾች በቅርብ ይገፋፋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይጮኻሉ፣ ከአንድ ውሃ መያዣ ይጠጣሉ፤ ጨዋታው ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደተለያየ ቤት ይገባል። ወጣቶች ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱን ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ፣ ጤነኛ መስሎ ከሜዳ የተመለሰው ልጅ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ላለባቸው አያቱ አደጋ ሊያደርስ ይችላል። በወረርሽኝ ወቅት ብቻን ወይም ከአንድ ቤት ሰዎች ጋር መንቀሳቀስ ይመረጣል። ከቤት ውጭ መሮጥ የሚፈልግ ሰው በማለዳ፣ ሰው በማይበዛበት ቦታ፣ ከሌሎች በሚገባ ርቆ ይሩጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በጠንካራ እንቅስቃሴ ጊዜ ጭምብል ማድረግን አይመክርም፤ ትንፋሽን ያስቸግራል፣ በላብም ይረጥባል። ስለሆነም ለሯጩ ዋናው መጠበቂያ ርቀት ነው። በወረርሽኙ ወቅት ጭምብሉን በኪሱ ይዞ፣ ሩጫውን ጨርሶ ወደ ሱቅ ወይም ወደ ታክሲ ከመቅረቡ በፊት ሊያደርገው ይገባ ነበር። ገመድ፣ ፎጣና የውሃ መጠጫ በጋራ መጠቀም ይቅር።

ትኩሳት ሲኖር

ልምምድ የለመደ ወጣት አንድ ቀን ማቋረጥን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ጓደኞቹ ቀናቱን እየቆጠሩ የሚጠብቁት ከሆነ ደግሞ ሕመሙን ደብቆ ይቀጥላል። ይህ መቆም ያለበት ልማድ ነው። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ድካም ወይም የጡንቻ ሕመም የተሰማው ሰው ያን ዕለት እንቅስቃሴ መሥራት የለበትም። «ላቡ ያወጣልኛል» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ቫይረስ በሰውነት ውስጥ እያለ የሚሠራ ከባድ እንቅስቃሴ፣ ቫይረሱ የልብ ጡንቻን ያስቆጣ እንደሆነ፣ የልብ ምትን ሊያዛባና ጤነኛ የሚመስልን ወጣት በድንገት ሊጥል ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ሲደርስ ግን መመለሻ የለውም። በዕረፍት የሚቀረውን አደጋ በ20 ፑሽ አፕ መግዛት አይገባም።

ከቆላ ዩኒቨርሲቲ ወደ ደጋ የተመለሱ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሮጡ ትንፋሽ ሊያጥራቸው ይችላል። አየሩ በከፍታ ቦታ ስለሚሳሳ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይሻሻላል። ልዩነቱን ለማወቅ ዕረፍት ላይ ያለውን ሁኔታ መመልከት ይረዳል። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ወይም ከማጠሩ ጋር ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው ምክንያቱን በከፍታ ላይ ማሳበብ የለበትም።

ታምሞ የነበረ ወጣት ምልክቱ በጠፋ ማግስት ወደ ቀድሞው ልምምዱ አይመለስም። በመጀመሪያ የዕለት ሥራውን ያለ ድካም መሥራት መቻሉን ያረጋግጥ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት በዝግታ ይራመድ፤ ቀጥሎ እርምጃውን ያፍጥን፤ ሩጫውንና ፑሽ አፑን የመጨረሻ ያድርገው። በአንዱ ደረጃ ላይ ድካሙ ካገረሸ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለስ። 30 ፑሽ አፕ ይሠራ የነበረ ሰው ከ5 ቢጀምር አያሳፍርም፤ በየ2 ቀኑ አንድ እየጨመረ ከሁለት ወር በታች በሆነ ጊዜ ወደነበረበት ይደርሳል። ጥናቱም በተመሳሳይ መንገድ ቢመለስ ይሻላል። ከሕመም በኋላ ለሳምንታት ትኩረት ማጣት ስለሚያጋጥም፣ ተማሪው በመጀመሪያ ቀደም ሲል የሠራቸውን ጥያቄዎች ይከልስ፤ አዲስ ምዕራፍ ለመጀመር አይቸኩል። ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወጣቶች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ያሉት ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል፤ ስልኩም ከመኝታው ርቆ ቢያድር ይመረጣል።

በእንቅስቃሴ ላይ እያለ ደረቱን የሚያመው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታበት ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የኮቪድ-19 ምልክት የታየበት ደግሞ ከቤተሰቡ ተለይቶ በአንድ ክፍል፣ ክፍል ከሌለም መስኮት በተከፈተበት ጥግ ሆኖ ጭምብል በማድረግ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደውል። ሲደውል ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ በቅርቡ ያገኛቸውን ሰዎችና በቤቱ ውስጥ ያሉትን አረጋውያን ቢናገር ምላሹን ያፋጥናል።